ቀለም ተቀብቶ የተመለሰ የፍሪሲዮን ክዳን፦ ጎንደር ላይ የታየ የአንድ ሞተር ሳይክል ጉዳይ

የጉዳዩ መነሻ

ሞተር ሳይክሉ ቻይና ሠራሽ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ 150 ሲሲ ነው። ሞተሩ ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዳው፣ ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ነው። ባለቤቱ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ዕቃ ያመላልስበታል። ስለዚህ ሞተሩ የከተማውን ዳገት ጭነት ይዞ ነው የሚወጣው።

ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራትቶት በቀኝ ጎኑ ወደቀ። የፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ክዳኑ ተፋፋቀ፤ ከታች በኩል የፋብሪካው ቀለም ተቀርፎ አሉሚኒየሙ ነጭ ብናኝ ማውጣት ጀመረ። ክዳኑ ግን አልተሰነጠቀም። ይህ የተረጋገጠው በቀላል መንገድ ነው። ፊቱ ላይ ኖራ ተቀብቶ ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ ተቀባ፤ ስንጥቅ ቢኖር ጋዙ በኖራው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታይ ነበር። ባለቤቱ ጥር 11 ሳይደርስ ክዳኑ ታድሶ እንዲያምርለት ፈለገ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አስፈትቶ ለመኪና ቀለም ቀቢ ሰጠው።

ክዳኑ ምን ይዟል?

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር የቀኙ ክዳን ራሱ የሞተሩ አካል ነው፤ ቀለም ቀቢው ግን እንደ መከላከያ ቆርቆሮ ነው ያየው።

ከዘይት ፓምፑ የሚወጣው ዘይት ጋስኬቱ (በክዳኑና በሞተሩ መሐል ገብቶ ዘይት የሚይዘው ስስ ወረቀት) በሚያርፍበት ፊት ላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ክዳኑ ይገባል። በክዳኑ ግድግዳ ውስጥ በተበሳ ጠባብ መንገድ ያልፍና በሞላ በምትገፋ ትንሽ ማሳለፊያ በኩል ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኑን ምት ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) ጫፍ ላይ ወዳለው የዘይት ማጣሪያ ሳህን ይደርሳል። ሳህኑ ከክራንኩ ጋር ስለሚሽከረከር ከዘይት የከበደውን ቆሻሻ ወደ ዳር ወርውሮ ያስቀራል። የጠራው ዘይት በክራንኩ ሆድ አልፎ ወደ ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታ ይሄዳል። ከሳህኑ ያመለጠ ጠጣር ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ኩሽኔታ ላይ ነው።

ክዳኑ አናት ላይ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ዘንግ ቆሟል፤ ከላይ ገመዱን የሚይዝ ክንድ አለው፣ ከታች ደግሞ ጎኑ የተጠረበ ነው። ክንዱ ሲሳብ ዘንጉ ይዞርና የተጠረበው ጎኑ ፍሪሲዮኑ መሐል ያለችውን መግፊያ ይገፋል። ኋላ በኩል የኪኩ (በእግር ተረግጦ ሞተሩን የሚያስነሣው) ዘንግ ክዳኑን በስቶ ይወጣል፤ እዚያ ቦታ ዘይት የሚይዝ ኦይል ሲል አለ። ክዳኑን ከሞተሩ ጋር በትክክል የሚያገናኙት ደግሞ ሁለት ሆዳቸው ባዶ የሆነ መምሪያ ፒኖች ናቸው።

የታየው ችግር

ክዳኑ አብረቅርቆ ተመለሰና በማግስቱ ተገጠመ። ብዙ ሳይቆይ ሦስት ነገሮች ታዩ። ከታችኛው ጠርዝና ከኪኩ ዘንግ ዙሪያ ዘይት ያልብ ጀመር። ከአዘዞ ሲወጣ ጭነት ካለ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ከፊት በታች ያለው ብሎን ደግሞ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም።

ያልሠሩት ሙከራዎች

መጀመሪያ የተሞከረው ብሎኖቹን ማጥበቅ ነበር። አንዱ ብሎን ጥርሱን ያጣውም በዚህ ጊዜ ነው። እነዚህ ኤም 6 (ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው) ብሎኖች የሚፈልጉት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ የማጥበቂያ ኃይል ነው፤ በረጅም ቁልፍ ከተሳቡ የሚሸነፈው ብረቱ ብሎን ሳይሆን የሞተሩ አሉሚኒየም ነው።

ቀጥሎ «ትንሽ ሲሊኮን ጨምርበት፣ ይይዛል» የሚል ምክር መጣ። ሲሊኮኑ በወፍራሙ ተቀባ። ዘይቱ ለጊዜው ቆመ፤ በኋላ ግን ክዳኑ ሲፈታ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ከጠርዙ ተንጠልጥሎ ዘይት ማለፊያዋን ቀዳዳ በከፊል ጋርዷት ተገኘ። የተንጠለጠለው ቁራጭ ተቆርጦ ቢገባ ኖሮ ዘይት ያቋርጥ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ ያለ ጋስኬት የሚቀባ ወፍራም ሲሊኮን በእኔ እምነት ጨርሶ መቅረት አለበት።

ሦስተኛው ሙከራ ከዕቃ ካርቶን የተቆረጠ ጋስኬት ነበር። ካርቶን ዘይት ይጠጣል፣ ሲሞቅ ይሟሽሻል፣ ብሎኑ ይላላል። ከዚህም በላይ ውፍረቱ ክዳኑን ወደ ውጭ ስለሚያርቀው የዘይት ማሳለፊያዋ ክራንኩን የምትነካበት ኃይል ይቀንሳል፤ የፍሪሲዮኑ ዘንግም ከመግፊያው ይርቃል። የዋናው ጋስኬት ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ካርቶኑ የዚያን እጥፍ ነበር።

ሲፈታ የተገኘው

ዘይቱ በንጹሕ ጣሳ ተቀድቶ በነጭ ጨርቅ ተጠለለ። ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ደለል ብቻ አልነበረም፤ በጣት ሲታሽ የሚሻክር ደቃቅ አሸዋ ነበረበት። ቀቢው የድሮውን ቀለም ያነሣው በኮምፕሬሰር በተረጨ የወንዝ አሸዋ ነው። ቀዳዳዎቹን አልደፈነም። አሸዋው በጠባቡ የዘይት መንገድ ገብቶ፣ መንገዱ ሲበሳ የተከፈተው ጫፍ በተደፈነበት ኪስ ውስጥ ተቀመጠ። ክዳኑ ታጥቦ ቢመለስም ውኃው ከኪሱ ያለውን አላወጣም፤ ትኩስ ዘይት በግፊት ሲያልፍበት ግን ጥቂት በጥቂት አወጣው።

የማጣሪያው ሳህን ክዳን ተከፍቶ ሲታይ አብዛኛው አሸዋ ዳሩ ላይ ከደለል ጋር ተጋግሮ ነበር። ሞተሩን ያተረፈው ይህ ነው። የወንዝ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ ተራ ብረትን ይፍቃል፤ ቢዬላው ኩሽኔታ ውስጥ ቢገባ ክራንኩን አውጥቶ ማሠራት ግድ ይሆን ነበር። ቢዬላው ላይና ታች ተስቦ ሲፈተሽ ልቅነት አልታየበትም፣ የሚያንኳኳ ድምፅም አልነበረም። (ደረቅ የኳርትዝ አሸዋ መርጨት ለሚረጨው ሰው ሳንባም አደገኛ ነው፤ ይህ ሥራ ያለ ጥሩ ጭንብል መሠራት የለበትም።)

ሌሎቹ ጥፋቶች ሁሉ ከቀለሙ ጋር የተያያዙ ናቸው። የጋስኬቱ ፊት ከዳር ዳር ተቀብቷል። ቀለም ከብሎኖቹ ራስ ሥርም ነበር፤ ባለሁለት ክፍል ቀለም (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጭ) በአንድ ቀን ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። የጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብርድ ነው፤ እዚያ የበለጠ ይዘገያል። በማግስቱ ሲጠብቅ የብሎኑ ራስ ያልጠነከረውን ቀለም ጨፍልቆ ገባ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቀለሙ የበለጠ ሸሸ፣ ብሎኑም ላላ። የታችኛው ጠርዝ የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው።

የኪኩ ኦይል ሲል ሳይወጣ አብሮ ተረጭቶ ተቀብቷል። ከንፈሩ ላይ አሸዋና ቀለም ተጋግሮበት የኪኩን ዘንግ ማቀፍ አልቻለም። ፍሪሲዮኑ የተንሸራተተው ደግሞ ዲስኩ አልቆ አልነበረም። ቀለም ወደ ማስለቀቂያው ዘንግ ቀዳዳ ወርዶ ዘንጉን ስለያዘው፣ ክንዱ ሲለቀቅ በሞላው ኃይል ሙሉ በሙሉ አይመለስም ነበር። ማለትም ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በከፊል እንደያዘ የሚነዳ ያህል ነው። ዲስክ ለመለወጥ ተወስኖ ነበር፤ ክንዱን በእጅ ማዞር ብቻ ወጪውን አስቀረ።

ቀለሙ ራሱም አልያዘም። ሥሩ የተቀባው ለብረት የሚሆነው ቀይ አንቲሩጅኒ (ዝገት መከላከያ ቀለም) ነበር፤ ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ በጥፍር ሲጫር ይነሣል።

የተወሰደው እርምጃ

ክዳኑ ባዶውን ቀረ፤ ማለትም ኦይል ሲሉ፣ የፍሪሲዮን ዘንጉና ሞላው፣ የዘይት ማሳለፊያዋና ሞላዋ፣ መምሪያ ፒኖቹ ሁሉ ወጡ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ስለሆነ በካርቶን ላይ የክዳኑ ቅርጽ ተሥሎ እያንዳንዱ ብሎን በቦታው ተሰካ። ይህ የመጀመሪያው ፍታት ላይ አልተደረገም ነበር፤ ጥርሱ በተበላው ቀዳዳ ውስጥ የተገኘውም ለሌላ ቦታ የተሠራ አጭር ብሎን ነው፤ በጥቂት ጥርስ ብቻ ስለያዘ ሲሳብ ይዞት ወጣ።

ቀለሙን ለማንሣት አሸዋ ዳግመኛ አልተነካም። ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ እንዘፍዝፈው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ሶዳ ብረትን ባይጎዳም አሉሚኒየምን ግን ይበላል፣ የጋስኬቱን ፊትና የፒኖቹን ቤት ያበላሻል፣ ስለዚህ ተተወ። በቀለም ማስለቀቂያ፣ በፕላስቲክ መፋቂያና በቲነር ተሠራ። የጋስኬቱ ፊት በካቻቢቴ አልተፋቀም፤ አንዲት ጭረት ብቻ ዘይት የምታሳልፍ ቦይ ትሆናለች።

የዘይቱ መንገድ ጽዳት ከሁሉም ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ መውሰድም ነበረበት። በቅደም ተከተል የተሠራው ይህ ነው፦ ትኩስ ውኃና ኦሞ፤ በመንገዱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሳብ የናይሎን ገመድ፤ ከዚያ ነጭ ጋዝ፤ ከዚያ የኮምፕሬሰር አየር መጀመሪያ ከአንዱ ጫፍ፣ ቀጥሎ ከሌላው። አየሩ የሚወጣበት ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይያዛል። ጨርቁ ላይ አንዲት ቅንጣት እስከታየች ድረስ ከኦሞው እንደገና ይጀመራል። ከአንድ ጫፍ ብቻ አየር መንፋት ኪሱ ውስጥ ያለውን አሸዋ የበለጠ ይጠቀጥቀዋል።

ጥርሱ የተበላው ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ተሠራ። የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ኤም 8 ማስፋት ነበር፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ይሰነጠቃል ተብሎ ተተወ። በምትኩ ቀዳዳው 6.3 ሚሊ ሜትር ተበስቶ፣ ለዚሁ የተሠራ ጥርስ ማውጫ ገብቶበት፣ ከብረት ሽቦ የተጠቀለለ ኤም 6 ጥርስ ተተከለበት። ከመበሳቱ በፊት የሞተሩ አፍ ቅባት በተቀባ ጨርቅ ተደፈነ፤ መሰርሰሪያው ላይም ጥልቀቱ በፕላስተር ምልክት ተደረገበት። ፍቅፋቂው የሚጣበቀው በቅባቱ ነው፣ ጨርቁ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

ቀለሙ ከሥር

አሉሚኒየም ዓመታት የጠጣው ዘይት ከደቃቅ ቀዳዳዎቹ በቀላሉ አይወጣም፤ ቀለም ሲቀባበት ከሥር ያብጣል። ክዳኑ በፈላ ውኃና በኦሞ ታጥቦ፣ እንደሞቀ በቲነር ተጠርጎ፣ እንደገና ሞቆ እንደገና ተጠረገ፤ ጨርቁ ቢጫ ማምጣት እስኪተው ድረስ። ከዚያ በ 180፣ ቀጥሎ በ 320 የብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ። አሉሚኒየም እንደተፈተገ ወዲያው ሥራ ይፈልጋል፤ ለነገ ከተተወ ፊቱ መልሶ በስስ ዝገት ይሸፈናል። ሥሩ ላይ የተቀባው ለአሉሚኒየም የሚሆን አሲድ ያለበት ፕራይመር በስሱ ነው፤ ከላይ ቤንዚን የሚችል ባለሁለት ክፍል ቀለም።

መደፈን ያለበት ሁሉ ከመረጨቱ በፊት ተደፈነ፦ የጋስኬቱ ፊት በፕላስተር ተለብዶ በምላጭ ጠርዙን ተከትሎ ተቆረጠ፣ የኦይል ሲሉ ቤትና የዘንጉ ቀዳዳ ከእንጨት በተጠረበ ውታፍ ተዘጉ። የብሎኖቹ ራስ የሚያርፍበት ክብ ሮንዴላ በሚያህል ፕላስተር ተሸፈነ። ይህች ትንሽ ክብ በብዙ ሰው ዘንድ የምትዘነጋ ናት፤ የዚህ ጉዳይ ግማሹ ጣጣ የመጣው ከእሷ ነው። ቀለሙ ከተረጨ በኋላ ክዳኑ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቤት እያደረ ከሳምንት በላይ ቆየ።

መልሶ መግጠም

ከመገጠሙ በፊት የጋስኬቱ ፊት ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ ተፈተሸ። በጠርዙ ሥር 0.05 ሚሊ ሜትር የመለኪያ ቅጠል በአንድ በኩል ገባ። መስታወቱ ላይ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ተዘርግቶ በጥቂት ዘይት፣ ክዳኑን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ቀስ ብሎ በማዞር ተስተካከለ፤ ከዚያም ክዳኑ እንደ አዲስ ታጠበ፣ የዘይቱ መንገድም እንደ ገና ተነፋ። ይህን ሁለተኛ እጥበት መዝለል ከአሸዋው ወደ ብርጭቆው ወረቀት ብናኝ መሸጋገር ነው።

አዲስ ኦይል ሲል በአሮጌው ላይ በታተመው ልክ ተገዛ። ሞላ ያለው ጎኑ ወደ ዘይቱ ዞሮ፣ ዙሪያውን እኩል በሚነካ ቡሽላ ተመትቶ ገባ። የኪኩ ዘንግ ጥርስ በስስ ፕላስተር ተጠቀለለ፣ ከንፈሩም ግሪስ ተቀባ፤ ካልተጠቀለለ ጥርሱ አዲሱን ከንፈር ክዳኑ ሲገባ ይቆርጠዋል። ማስለቀቂያው ዘንግ ዘይት ተቀብቶ ገባና በእጅ ተዞሮ ሲለቀቅ በራሱ መመለሱ ታየ።

ፍሪሲዮኑ መሐል ያለችው መግፊያ በቦታዋ መኖሯ ታየ፤ ክዳን ሲወጣ በዘይት ተጣብቃ አብራ ወጥታ የምትጠፋ ዕቃ ናት፤ ከጠፋች ክንዱ ምንም ቢሳብ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። መምሪያ ፒኖቹ ገቡ፣ ዋናው ጋስኬት ደረቁን ተቀመጠ። ክዳኑ ሲገባ የዘንጉ የተጠረበ ጎን ወደ መግፊያዋ እንዲዞር ክንዱ በእጅ ተያዘ። ክዳኑ በእጅ ግፊት ብቻ ጋስኬቱ ድረስ መሄድ አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከቆመ የፒን ቤት ውስጥ ቀለም አለ፣ ወይም የኪኩ ሞላ አልተቀመጠም፤ በብሎን መሳብ ወይም በመዶሻ መምታት ክዳኑን ይሰነጥቀዋል።

ብሎኖቹ ሁሉ ሳይጠብቁ በየቀዳዳቸው ገቡ፤ ራሳቸው ከክዳኑ የሚቀሩት እኩል ከሆነ ርዝመታቸው ትክክል ነው። ኤም 6 ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር መግባት ይኖርበታል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር፣ በተቃራኒ በተቃራኒ፣ በሦስት ዙር ጠበቁ። ኒውተን ሜትር የሚለካ ቁልፍ አልነበረም፤ የዋለው ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። የስምንት ቁልፍ ከብሎኑ መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በሚዛኑ መንጠቆ ተይዞ በቀጤ ነክ ተሳበ፦ መጀመሪያ 4 ኪሎ፣ ቀጥሎ 7፣ መጨረሻ 10። ይህ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል።

የፍሪሲዮን ገመዱ መያዣው ጫፍ ላይ ከ 10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ተስተካከለ። ዘይቱ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለው፣ ለሞተር ሳይክል የሚሆን፣ በመለኪያ ዘንጉ እየታየ አንድ ሊትር ገደማ ገባ። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ማንሸራተቻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ሻማው ወጥቶ ኪኩ ደጋግሞ ተረገጠ፤ ባዶ የቀረው መንገድ በዘይት እንዲሞላ ነው። ከዚያ ሻማው ተመልሶ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በዝግታ ሠራ፤ የተረፈ አሸዋ ካለ አብሮ እንዲወጣ ዘይቱ በትኩሱ ተቀድቶ አዲስ ተሞላ።

ፍሳሹን ለመፈተሽ ጠርዙና የኪኩ ዙሪያ ተጠርጎ የሕፃን ፓውደር ተነሰነሰበት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ከሠራ በኋላ ፓውደሩ ላይ አንድም እርጥብ መስመር አልታየም። ጭነት ይዞ አዘዞ ደርሶ ሲመለስ ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም። ብሎኖቹ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሚዛኑ እንደገና ታዩ፣ የላላ አልነበረም። ቀጣዩ ዘይት ቅያሬ ከወትሮው ግማሽ ላይ እንዲሆን፣ ያን ጊዜም የማጣሪያው ሳህን ተከፍቶ እንዲታይ ለባለቤቱ ተነገረው፤ ሳህኑ ላይ አሸዋ ከተገኘ የተረፈ አለ ማለት ነው፣ ቅያሬው ይደገማል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ክዳን ለቀቢ ሲሰጥ ባዶውን መሰጠት አለበት፤ ኦይል ሲል፣ ዘንግ፣ ሞላ ያለበት ክዳን ከመካኒኩ እጅ መውጣት አልነበረበትም። ዘይት የሚያልፍበት ማንኛውም ዕቃ፣ የሲሊንደር ራስም ይሁን የማርሽ ሳጥን ክዳን፣ በአሸዋ አይረጭ፤ የግድ ከሆነ ቀዳዳው በብሎንና በጎማ ይደፈን፣ ሲመለስም ንጹሕ ነው የሚለውን ቃል ሳይሆን ነጩን ጨርቅ ማመን ነው። ዕቃው በዱቄት ቀለም ተቀብቶ ምድጃ የሚገባ ከሆነ ሙቀቱ ከ 180 እስከ 200 ዲግሪ ስለሚደርስ ውስጡ የቀረ የጎማ ሲል ሁሉ ይቃጠላል።

ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ዲስክ ከመግዛት በፊት ክንዱ በነፃ መመለሱና ገመዱ ባዶ መንቀሳቀሻ እንዳለው ይታይ። ዘይት ሲያልብ ደግሞ ከማጥበቅ በፊት የብሎኑ ራስ ምን ላይ እንዳረፈ ይታይ።

ጋስኬቱና ኦይል ሲሉ ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ተገዝተው እጅ ላይ ይኑሩ። ጎንደር መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ልኩ ካልተገኘ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ እስኪመጣ ሞተሩ በአሮጌው ክዳን መሥራቱን ይቀጥላል። ልኩ ጨርሶ ከታጣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የጋስኬት ወረቀት ተገዝቶ በክዳኑ ላይ በጣት እየተጫነ ቅርጹ ይወሰድ፣ የብሎኖቹና የዘይቱ ቀዳዳዎች በስለታም ቱቦ ይበሱ፣ ከመገጠሙ በፊትም የዘይቷ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ክፍት መሆኗ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታይ።